ለሥዕል ቡድናችን አባላት፦ የቅዳሜው ሥራ

ሰላም ጓደኞች፣ በዚህ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ኮዬ ፈጬ፣ ኮሚናሉ ውስጥ ተገናኝተን ከአሜሪካዊው የአስፈሪ ታሪኮች ደራሲ ከላቭክራፍት ሥራዎች በመነሳት የየራሳችንን ሥዕል እንሠራለን። እስከ ሐሙስ ማታ ከሁለቱ አንዱን ምረጡ፦ እ.ኤ.አ. በ1928 የታተመውን «የክቱሉ ጥሪ» (ክቱሉ ኦክቶፐስ የመሰለ ራስ ያለው ግዙፍ ፍጡር ነው)፣ ወይም በ1927 የወጣውንና ከሰማይ ወርዶ የአንድ ገበሬን እርሻ ስለሚያጠወልግ ቀለም የሚተርከውን። የእኔ ድምፅ ለሁለተኛው ነው፤ ማንም አይቶት የማያውቅ ቀለም በእርሳስ እንዴት ይሳላል?

ባለፈው ሁላችንም ኦክቶፐስ ስለን ተሳሳቅን። እዚህ የሚያስፈራው ጥርስና ጥፍር አይደለም፤ ሰውን ከቁብ የማይቆጥር ግዝፈት ነው። ስለዚህ በሥዕላችሁ ውስጥ ያለውን ሰው ወረቀቱ ጥግ ላይ የጤፍ ፍሬ አሳክሉት። ሲመሽ ያላለቁትን ብሎኮች ተመልከቷቸው፤ መስታወት ያልገባላቸው መስኮቶች ጨለማውን ከውጭ ቀድመው ይጠጡታል። ከኢንተርኔት መገልበጥ ግን የለም።

ወረቀት፣ ለስላሳ እርሳስና ላጲስ ያዙ። ከማንደጃ የተረፈ ከሰልም ይሠራል፣ እጅ ያጠቁራል እንጂ። መብራት ከጠፋ ባትሪ ያስፈልገናል።

ቁልፉን ከጥበቃው የምቀበለው እኔ ስለሆንኩ፣ የምትመጡ ከምርጫችሁ ጋር እዚሁ ጻፉልኝ።