ዓይኑን አትውቀሱት

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ስለ ልጆች ንባብ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። «የልጁ ዓይን መስመር ላይ ስለማይረጋ ማንበብ አቃተው» ይላል። ነገሩ የተገለበጠ ይመስለኛል።

ስናነብ የማናችንም ዓይን ቀጥ ብሎ አይሄድም። ይዘላል፣ ያርፋል፣ አንዳንዴም ወደ ኋላ ይመለሳል። ፈረንሳዊው የዓይን ሐኪም ኤሚል ዣቫል ስለ ንባብና ስለ ዓይን ዝላይ የጻፈው በ1879 እ.ኤ.አ. ነው። ጎበዝ አንባቢ አንድ ቦታ ላይ የሚያርፈው ለሩብ ሰከንድ ገደማ ነው። ጀማሪ ልጅ ግን ረዘም አድርጎ ያርፋል። ዝላዩ አጭር ነው፤ ቶሎ ቶሎም ይመለሳል። ለምን? ፊደሉን ከድምፁ ጋር ገና እያገጣጠመ ነዋ! እስቲ እኛም ከባድ የውል ወረቀት ይሰጠን፤ ዓይናችን እንደ ልጅ ይንከራተታል።

ስለዚህ «የዓይን ሥልጠና» እያሉ ወላጅን ገንዘብ የሚያስወጡትን እጠራጠራለሁ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም በ2009 እ.ኤ.አ. ሥልጠናው ዲስሌክሲያን (ቃላትን አንብቦ መለየት የሚያስቸግር የንባብ እክል) ለማከም በቂ ማስረጃ እንደሌለው ገልጿል። አጥርቶ የማያይ ልጅ ይመርመር፣ መነጽርም ይሰጠው፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ደግሞስ ልጁ በጣቱ እየተከተለ ሲያነብ «ጣትህን አንሳ!» ማለት ምን ይሉታል?

ከሰላምታ ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ