«ሲስተም የለም» ለሚለው መልስ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

ባለጉዳይ መስኮት ላይ ደርሶ «ሲስተም የለም» ተብሎ ሲመለስ የሚያሰማው ምሬት ተገቢ ነው። እኔ ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ ለቁጠባና ብድር ማኅበራትና ለነጋዴዎች የሒሳብ ሶፍትዌር የምሠራ ሰው ስለሆንሁ፣ ከዚህች ሁለት ቃል ጀርባ ምን እንደሚደበቅ ልጽፍ ወደድሁ። መብራትና ኔትወርክ በእውነት የሚጠፋበት ጊዜ አለ፤ የእኔ ነገር ግን ስለ ሌላው ጊዜ ነው።

ከራሴ ጥፋት ልጀምር። በ2010 ዓ.ም. ለአንድ ማኅበር የሠራሁት ፕሮግራም ከዓመት በላይ ያለ ችግር አገልግሎ፣ ጳጉሜን 6 ቀን 2011 ዓ.ም. ማለዳ ቀጥ አለ። ዕለቱ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበርና አባላቱ ለበግ መግዣ ከቁጠባቸው ሊያወጡ ተሰልፈዋል። ገንዘብ ያዡ ደውሎ የነገረኝ «ሲስተም የለም» ብቻ ነው። መብራት አለ ወይ፣ ሰርቨሩ ተነሥቷል ወይ እያልሁ ስጠይቅ ቀትር ሆነ። በመጨረሻ ሄጄ ስክሪኑን ሳየው በቀይ ፊደል «የተሳሳተ ቀን» ይላል፤ መልእክቱን የጻፍሁትም ራሴ ነኝ። ለ12ቱ ወራት 30፣ ለጳጉሜን 5 ቀን ብዬ ገድቤ ነበር። በ5500 ላይ ዓመተ ምሕረቱን ደምሮ ለ4 ሲያካፍሉት 3 ከተረፈ ዘመኑ የሉቃስ ነው፣ ጳጉሜንም 6 ትሆናለች። ከዚያ የቀደመው 2010 ዓ.ም. ዘመነ ማርቆስ ስለነበረ ስሕተቱ ተደብቆ ቆይቷል። እናቴ ፊደል ሳትቆጥር የምታውቀውን እኔ ዲግሪ ይዤ ዘነጋሁት።

ማረሙ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ነገር ግን ገንዘብ ያዡ እኔ እስክደርስ ጥቂቱን ክፍያ በጳጉሜን 5 መዝግቦ አሳልፎት ኖሮ፣ የወረቀቱ ደረሰኝና የኮምፒውተሩ ቀን አልገጥም ብለው ኋላ ኦዲተር ሲመጣ ሁለት ቀን ሙሉ ስናመሳክር ዋልን። በሰውየው አልፈርድም፤ ሰልፉን ፊት ለፊት የሚያየው እሱ ነው።

«አልተመዘገቡም» የሚለውም መልስ እንዲሁ ነው። የአንዲት እናት ስም ደብተራቸው ላይ «ፀሐይ»፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ደግሞ «ጸሀይ» ተብሎ በመግባቱ ገንዘባቸው እያለ ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል። ለእኛ አንድ ድምፅ የሆኑት ፊደላት ለኮምፒውተር እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቁጥር ያላቸው ልዩ ልዩ ምልክቶች ናቸው። ስለዚህ ሠሪው፣ የተጻፈውን ስም ሳይለውጥ፣ በፍለጋ ጊዜ ሀን፣ ሐንና ኀን፣ ሠንና ሰን፣ አንና ዐን፣ ጸንና ፀን እንደ አንድ እንዲቆጥራቸው ፕሮግራሙን ማዘዝ አለበት። ይህም የእኛ የባለሙያዎቹ ዕዳ ነው።

መሥሪያ ቤቶችን የምለምነው ግን አለ። መስኮቱ አጠገብ አንድ ደብተር ይቀመጥና ሲስተሙ ሲቆም ስክሪኑ ላይ የታየው ጽሑፍ እንዳለ ይገልበጥበት፤ ምን ሲጻፍ እንደቆመና ሰዓቱም ይግባ። ሰዓቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ቢጻፍ ደግሞ እሰየው፤ «3 ሰዓት ላይ ቆመ» ተብዬ ኮምፒውተሩ 9 ብሎ የመዘገበውን በሌሊቱ 3 ስፈልግ ያመሸሁበት ቀን አለ።

ውል ከመፈረሙ በፊትም ሠሪው በገበያ ቀን ከመስኮቱ ኋላ ቁጭ ብሎ ይዋል። አንድ ሥራ አስኪያጅ ይህን ስጠይቃቸው «ቅጹን ሰጥተንህ የለም ወይ?» አሉኝ። ቅጹን እውነትም ሰጥተውኛል። ኋላ ገብቼ ሳየው ግን ጸሐፊዋ የእያንዳንዱን ቅጽ ጀርባ እየገለበጠች «ልጃቸው ይወስዳል»፣ «ከጤፉ ሽያጭ በኋላ ይከፍላሉ» እያለች በእስክርቢቶ ትጽፋለች። እኔ በሠራሁት ሶፍትዌር ውስጥ ለዚያ ጽሑፍ አንዲት መስመር እንኳ ቦታ አልነበረውም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሶፍትዌር ባለሙያ፣ ከደብረ ማርቆስ