ሶፋ ላይ ነኝ

ውዴ፣ እንደምን ከርመሽልኛል? እኔ ካንቺ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ። ለመጨረሻው ደብዳቤሽ ሳልመልስ ሁለት ዓመት አለፈ። ምክንያት ብደረድር አታምኚኝም፤ ልተወው። ነገ እጽፋለሁ ስል ከረምኩ፣ ከዚያ አፈርኩ።

ይልቅ ወሬ ልንገርሽ። ከመኝታ ቤቴ ተባርሬ ሶፋ ላይ ነው የምተኛው። ያባረረኝ ጨርቅ ነው። አሮጌ አንሶላ፣ መጋረጃ፣ የተቀዳደደ ብርድ ልብስ እየሰፋሁ ክፍሉን ከጣሪያ እስከ ወለል አለበስኩት። ኢንስታሌሽን፣ ሰው ገብቶ የሚያየው የጥበብ ሥራ፣ መሆኑ ነው እንግዲህ! ሳቂ፣ ግድ የለም።

የጀመረኝ የአሜሪካዊቷን ሠዓሊ የዶሮቲያ ታኒንግን ሥራ ፎቶ ካየሁ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1970 እስከ 1973 የሠራችው የሆቴል ክፍል ነው፤ ቁጥሩ 202። ከጨርቅ የሰፋቻቸው ወፋፍራም ገላዎች የግድግዳውን ወረቀት ቀደው ይወጣሉ። ስትጀምረው ዕድሜዋ 60 ገደማ ነበር፤ እኔ ገና ነኝ ማለት ነው። ሌላው አሜሪካዊ ሠዓሊ ራውሸንበርግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1955 ብርድ ልብስ ከነትራሱ ቀለም ደፍቶበት ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። የዚያን ቀን ምን ለብሶ እንደተኛ እንጃ።

እኔን ያስቸገረኝ ጣሪያው ነው። ስስ ነጭ ጨርቅ በክር አንጠልጥዬ ደመና ላስመስለው አስቤ ነበር። ጠዋት ስገባ መሀሉ እንደ እርጉዝ ሆድ ተዘርግፎ አልጋው ላይ ሊያርፍ ትንሽ ቀርቶታል። ጨርቅ ሲበዛ እንደሚከብድ ለካ አላሰብኩም። ፈትቼ እንደገና ሰቀልኩት፤ አሁን በየስንዝሩ አንድ ክር አለው። መርፌ ያልቀመሰው ጣት የለኝም።

ያልጠበቅኩት ግን ድምፁን ነው። ጨርቅ ድምፅ ይውጣል። በሩን ስዘጋው የመንገዱ ጫጫታ ይርቃል፤ የገዛ ሳሌ እንኳ እዚያው እግሬ ሥር ይወድቃል። አንድ ማታ እዚያ ቁጭ ብዬ ስምሽን ጮክ ብዬ ጠራሁት። ከአፌ ሳይርቅ ጠፋ። ደስ አላለኝም። ወጥቼ ወረቀት ፈለግኩ።

ራስጌው ጋ አንድ ክንድ የሚያህል ቦታ ባዶ ትቻለሁ። ያ ረስተሽው የሄድሽው ቀይ ሻርፕ፣ ጫፉን በካውያ ያቃጠልሽው፣ እሱን ነበር ያሰብኩለት። መቀሱን ሁለት ጊዜ አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ልቁረጠው ወይስ ልላክልሽ? መልሱን ላኪልኝ። እስከዚያው ሶፋ ላይ ነኝ።