ከሳርላ ገበያ ለእናቴ

ቦርዶ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እናቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዓይንሽ ከታከመ ወዲህ ራስሽ ማንበብ እንደጀመርሽ እህቴ ስለነገረችኝ ይህን ደብዳቤ በትልልቅ ፊደል ጽፌዋለሁ፤ ስለዚህ ወረቀቱ መብዛቱን አይተሽ ወሬው ረጅም ነው ብለሽ አትፍሪ።

ባለፈው ሰሞን በስልክ ስንነጋገር ቅዳሜ ዕለት ሳርላ ወደምትባል ጥንታዊ ከተማ፣ ለገበያዋ ብዬ እንደምሄድ ብነግርሽ፣ ስለ ከተማዋም ስለ መንገዱም ሳትጠይቂኝ «የሚሸጡት ባላገሮቹ ናቸው ወይስ ነጋዴዎቹ?» ብለሽ ነበር። አይቼ እነግርሻለሁ አልኩሽ። በጎንደር ቅዳሜ ገበያ ሠላሳ ዓመት ቅቤ ሸጠሽ ላሳደግሽኝ ልጅሽ ይህ ጥያቄ እንደ ዋዛ የሚታለፍ ስላልሆነ፣ በስልክ ከመቸኮል በጽሑፍ ልመልስልሽ ወሰንኩ።

ሳርላ እዚሁ ፈረንሳይ፣ ከቦርዶ በስተምሥራቅ፣ የጥንት ስሙ ፔሪጎር በሆነው የዶርዶኝ አውራጃ የምትገኝ፣ ዘጠኝ ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርባት ትንሽ ከተማ ናት። ከቦርዶ የሚነሳው ባቡር በወይን እርሻዎች መካከል አልፎ፣ የዶርዶኝን ወንዝ ተከትሎ ይሄድና እዚያው ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ሐዲድ የለም። ጠዋት እንዳይረፍድብኝ ዓርብ ማታ ገብቼ አደርኩ። የቤቶቹ ድንጋይ የማር ቀለም ያለው ሲሆን፣ የብዙዎቹ ጣሪያ ሳይቀር ከተደራረበ ጠፍጣፋ ድንጋይ የተሠራ ነው፤ የዚያ ጣሪያ ክብደት በአንድ ካሬ ሜትር ግማሽ ቶን ያህል ስለሚደርስ የሚሸከመው እንጨት ምን ዓይነት እንደሆነ አስቢው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉትንም ዓመታት በዚሁ ነው የጻፍኩልሽ) በ1530 ኤትየን ደ ላ ቦኤሲ የተባለው ጸሐፊ የተወለደበት ቤት ዛሬም ቆሟል፤ ያን ጊዜ ፋሲል ጎንደርን ሊቆረቁር ገና ከመቶ ዓመት በላይ ይቀረው ነበር። በ1962 የባህል ሚኒስትሩ አንድሬ ማልሮ አሮጌ የከተማ ሰፈሮች እንዳይፈርሱ የሚጠብቅ ሕግ ሲያወጣ ከመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች አንዷ ሳርላ ነበረች። ስለ ድንጋዩ ይህ ይበቃናል፤ አንቺም የጠየቅሽኝ ስለ ድንጋይ አይደለም።

ገበያው ረቡዕና ቅዳሜ ይቆማል፤ የቅዳሜው ትልቁ ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ስደርስ ሻጮቹ ዕቃቸውን ከመኪና እያወረዱ፣ እየተሰዳደቡና እየሳቁ ጠረጴዛቸውን ይዘረጉ ነበር፤ ድምፁን ብቻ ብትሰሚ የት እንዳለሽ አትለዪውም። ድንኳኖቹ ከትልቁ አደባባይ ተነስተው በጠባቦቹ መንገዶች ውስጥ ይዘልቃሉ።

እንግዲህ ጥያቄሽን ልመልስ፤ ሁለቱም አሉ። በአንዳንዱ ጠረጴዛ ላይ «ፕሮዱክተር» የሚል ሰሌዳ ይታያል፤ አምራች ማለት ነው። ሰሌዳ ማንም መጻፍ ስለሚችል ግን እኔ ያንቺን መለኪያ ተጠቀምኩ። ሙዝና አናናስ ከቲማቲም ጋር ደርድሮ የቆመው ሰው ከጅምላ ገበያ ገዝቶ እንደመጣ ለማወቅ ፈረንሳይኛ መቻል አያስፈልግም፤ በዚያ አገር ሙዝ አይበቅልም። ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ ሁለት ዱባ፣ አንድ ቅርጫት እንቁላልና ጥቂት እስር ሽንኩርት ብቻ ይዘው የተቀመጡ አሮጊት ነበሩ፤ ሽንኩርቱ አፈሩ አልተራገፈም፣ እንቁላሎቹም አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቡናማ ናቸው። «አንድ ዓይነት እንቁላል ካየሽ ከብዙ ቤት የለቀመ ነጋዴ መርጦ የደረደረው ነው» ትይኝ አልነበር? እኒህ ሴት ዶሮዎቻቸው የጣሉላቸውን እንዳለ ይዘው የመጡ ናቸው። ስድስት ገዛኋቸው።

ዋጋ መከራከር ግን እርም ነው። የእያንዳንዱ ዕቃ ዋጋ ተጽፎ እንዲታይ ሕግ ስለሚያስገድድ በትንንሽ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ተጽፎ ይሰካል። እኔም ልማዴ ይዞኝ አንዱን ሽማግሌ «ትንሽ አይቀንሱልኝም?» ብላቸው፣ አልተቆጡም፣ ሰሌዳውን በጣታቸው አሳይተውኝ ዝም አሉ። አንቺ ብትሆኚ ትተሻቸው ትሄጂ ነበር፤ ሦስት እርምጃ እንኳ ሳትሄጂ «ነይ በይ ውሰጂ» የሚል እንደማይኖር ግን አስቀድሜ ላስጠንቅቅሽ።

ሌላም ጥፋት ሠርቻለሁ። አንዲት ሴት የፍየል አይብ ትሸጣለች፤ «ካቤኩ» ይሉታል፤ እንደ ትንሽ ቂጣ ክብና ጠፍጣፋ ሲሆን፣ ከዚሁ ቤተሰብ የሆነውና ሮካማዱር የተባለችውን መንደር ስም የያዘው አንዱ 35 ግራም ብቻ ይመዝናል። እንደኛ አይብ ቅቤው የወጣለትን አሬራ አሙቀው ወዲያው የሚበሉት አይደለም፤ በቀናት ይቆጠራል፤ ሲሰነብት ቆዳው ይጠነክራል፣ ሽታውም ይበረታል። እኔ ታዲያ የቅቤ ሻጭ ልጅ አይደለሁ? ሳላስበው በአውራ ጣቴ ልጫነው እጄን ብሰድድ፣ ሴትየዋ በቀስታ ነገር ግን በማያሻማ አኳኋን እጄን መለሰችልኝ። ፊቴ በርበሬ መሰለ። ወዲያው ግን «የምትበሉት ዛሬ ማታ ነው ወይስ ነገ እሑድ?» ብላ ጠየቀችኝ። ለነገ ነው አልኳት። ከተደረደሩት ውስጥ አራቱን በገዛ አውራ ጣቷ እየነካች አለፈቻቸውና አምስተኛውን አንስታ ጠቀለለችልኝ።

እማዬ፣ እዚያው ቆሜ አንቺን አየሁሽ። አንድ ሰው ቅቤ ሊገዛ ሲመጣ ስንት ኪሎ ብለሽ አትጠይቂም ነበር፤ «ለራስ ነው ለወጥ?» ትዪዋለሽ፤ ለራስ ካለ ለጋውን፣ ለወጥ ካለ ደግሞ በሰል ያለውን ከጥግ አውጥተሽ በጥፍርሽ ቆንጠር አድርገሽ ታሸትቺዋለሽ። በትልልቆቹ መደብሮች አሥራ ሁለት ዓመት ስገዛ ምግቡን መቼ እንደምበላው የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ መልሱን ፓኬቱ ላይ ያተሙት ቀን እንዲሰጠኝ ነው የሚተዉኝ። ይቺ ሴት ግን አይቡን ታውቀዋለች፤ በየትኛው ቀን ምን እንደሚሆን ታውቃለች። ስለዚህ «ባላገር ናት ወይስ ነጋዴ?» ለሚለው ጥያቄሽ እኔ አንድ ጭማሪ አለኝ፤ ከመሸጧ በፊት ትጠይቃለች ወይ? ይቺኛዋ ፍየሎቹን ራሷ እንደምታልብ በኋላ ነግራኛለች።

ወቅቱ የዋልነት ነው። እዚህ «ኗ» ይሉታል፤ ቅርፊቱ እንደ ድንጋይ የጠና፣ ውስጡ የተሸበሸበ ፍሬ ነው። የፔሪጎር ዋልነት በስሙ የተጠበቀ ስለሆነ፣ ኮርን፣ ማርቦ፣ ግራንዣን እና ፍራንኬት ከሚባሉት አራት ዝርያዎች ውጪ ያለው በዚህ ስም አይሸጥም። ትኩሱንም ደረቁንም፣ በቅርፊቱም የተፈለፈለውንም፣ ዘይቱንም ኬኩንም ይሸጣሉ። ባልና ሚስት ሆነው የቆሙበት ጠረጴዛ ላይ ዝርግ ድንጋይና ትንሽ የእንጨት መዶሻ አየሁ፤ ሰውየው ፍሬውን በጫፉ አቁሞ አንዴ ብቻ፣ በልኩ ይመታዋል፤ ቅርፊቱ ይከፈልና ሁለቱ ገሚሶች ሳይሰበሩ ይወጣሉ። ሙሉ ሆኖ የወጣው ገሚስ ከተሰባበረው በዋጋ ይበልጣል፤ ስለዚህ ትርፉ ያለው በእጁ ቀስታ ላይ ነው። ሚስቱ እንደነገረችኝ፣ በልጅነቷ የክረምት ማታ ጎረቤቱ ሁሉ በአንድ ቤት ተሰብስቦ እየተጫወተ ይፈለፍል ነበር፤ ቅርፊቱም ለእሳት ይሆናል። እኛ ምስር እየለቀምን የጎረቤት ወሬ የምንሰማበትን ማታ ነው ያስታወሰኝ። አንድ ኪሎ በቅርፊቱ ገዛሁ። ሚዛኑ ልክ ሆኖ ቆመ፤ ሰውየው ከረጢቱን ሊያስር ሲል አንድ እፍኝ ዘግኖ ጨመረበት። ምርቃት! ዋጋ የማይቀንስ ሕዝብ ምርቃት እንደሚያውቅ በዚያች ሰዓት ተረዳሁ፤ «መርቁልኝ» ማለት ግን አያስፈልግም፣ ከራሳቸው እስኪመጣ መጠበቅ ነው።

ስለ ዝይና ዳክዬው በአጭሩ ልጻፍልሽ። ይህ አገር የሚታወቀው በእነሱ ጉበት ነው፤ በአንዱ አደባባይ የሦስት ዝይዎች ሐውልት ቆሟል፤ ድሮ የዝይ ገበያ የነበረበት ቦታ ነው። ጉበቱ እንዲያብጥ ወፎቹን በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ገደማ በጉሮሯቸው ቱቦ እየከተቱ በቆሎ ያጎርሷቸዋል። የፈረንሳይ ሕግ ይህን በ2006 የአገር ቅርስ ብሎ ጠብቆታል፤ ሌሎች አገሮች ደግሞ በጭካኔነቱ ከልክለውታል። ሙክት ማደለብ እኛም እናውቃለን፤ በሬም በግም የሚበላውን ግን ራሱ ነው የሚበላው። እኔ አልገዛሁም። ዳክዬ አንበላም ብዬ ብቻ አይደለም፤ ቱቦውን ካሰብኩ በኋላ አልዋጥልህ ስላለኝ ነው።

አሁን ለመጻፍ ያመነታሁበትን ነገር ልንገርሽ። ከገበያው ከፊሉ ያለው በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። በስልክ ብነግርሽ ኖሮ «በስመ ሥላሴ» ብለሽ ታማትቢ እንደነበር አውቃለሁ፤ የቤተ ክርስቲያኑም ስም ቅድስት ማርያም ነው። ቅዳሴ እያለ ግን አይደለም። በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ፣ በ1789 መጨረሻ የቤተ ክርስቲያን ንብረት ለመንግሥት ከተወረሰ በኋላ ይህችም ተዘጋች፤ ከፊሏ ፈረሰ፣ የቀረው ለልዩ ልዩ ሥራ ሲውል ኖረ። በ2001 ዣን ኑቬል የተባለው ዝነኛ አርክቴክት፣ ራሱም በልጅነቱ በዚያች ከተማ ያደገ ነው፣ የተሸፈነ ገበያ አደረጋት። 15 ሜትር ገደማ ቁመት ያላቸው፣ እያንዳንዳቸው ሰባት ቶን የሚመዝኑ ሁለት የብረት በሮች አቆመላት።

እኔም ስገባ ነጠላዬን ፈለግሁ፤ እግሬም ጫማዬን ላውልቅ አለ። ከላይ ቀስት የመሰለው የድንጋይ ጣሪያ እንዳለ ነው፤ ከታች ደግሞ ሥጋ፣ ዳቦ፣ አይብና የታሸገ ጉበት። ለመሳለም እጄን ወደ ግድግዳው ልሰድ ስል አንዲት ሴት በዚያው ግድግዳ ላይ ቅርጫቷን አስደግፋ ሳንቲም ትቆጥር ነበር። ቅር አለኝ፣ አልዋሽሽም። ጥቂት ቆይቼ ግን ሌላ ሐሳብ መጣብኝ፤ ገበያ ባይገባባት ኖሮ ምናልባት የቀረውም ፈርሶ ድንጋዩ የአንዱ ቤት አጥር ይሆን ነበር። ፈርሳ ከምትጠፋ በሰው ድምፅ ተሞልታ መቆሟ ይሻላል እላለሁ፤ አንቺ ላትስማሚ ትችያለሽ፣ መብትሽ ነው። ልብሽን ካሳረፈው ግን፣ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ያለው የቅዱስ ሳሰርዶስ ካቴድራል ዛሬም አገልግሎት ይሰጣል፤ እዚያ ገብቼ ስለ አንቺ ሻማ አብርቻለሁ።

ሰባት ሰዓት ሲሆን የምግቡ ገበያ ተበተነ። ጠረጴዛው ሲታጠፍ ካየኋቸው ውስጥ እንቁላል ሻጯ አሮጊት ቅርጫታቸው ባዶ ሆኖ ደስ ብሏቸው፣ የሙዙ ነጋዴ ደግሞ ግማሽ ዕቃውን መልሶ እየጫነ ነበር። ይህንን ብነግርሽ ደስ እንደሚልሽ ስለማውቅ ነው የጻፍኩት።

በኅዳር መጀመሪያ ወደ ጎንደር በሚመጣ ሰው እጅ ዋልነቱንና አንድ ትንሽ ጠርሙስ የዋልነት ዘይት እልክልሻለሁ። ሁለቱም የጾም ናቸው፤ የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ከመግባቱ በፊት ይደርሱልሻል። ፍሬውን በጫፉ አቁመሽ በሙቀጫው ዘነዘና ቀስ ብለሽ አንዴ ምቺው፤ ከጠነከረብሽ ለእህቴ ስጫት፣ ጥርስሽን እንዳትሞክሪበት አደራ። ዘይቱን ግን እሳት ላይ እንዳታወጪው፤ ከሞቀ ይመራል። በሰላጣ ወይም በቀዘቀዘ ሽሮ ላይ ጠብ አድርጊበት፤ ከሰኔ በፊትም ጨርሺው፣ ሲሰነብት እንደ ቆየ ቅቤ ይሸታል። ስትቀምሺው ቅቤን በጥፍርሽ ቆንጥረሽ እያሸተትሽ እንደምትፈርጂው ሁሉ ፍረጂና ጻፊልኝ፤ የከፈልኩትን ዋጋ የምነግርሽ ፍርድሽን ከሰማሁ በኋላ ነው።

ልጅሽ