የመርከበኛ ካናቴራ በድሬ ሙቀት

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባሕር ባይኖረንም የጅቡቲ ባቡር ልጆች ነንና የመርከበኛ አለባበስ አይጠላብን። የፈረንሳይ ባሕር ኃይል ለባለመስመሩ የመርከበኛ ካናቴራ በ1858 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ ነጩ መስመር 20፣ ሰማያዊው 10 ሚሊሜትር ነው። እኩል ከሆኑ ዓይን ያወናብዳሉ።

ለድሬ ሙቀት ጥጥ ይሻላል፤ ፖሊስተር ላብ አይመጥም። ጥጥ ሲታጠብ ስለሚሰበሰብ ጨርቁ ሳይቆረጥ ውሃ ውስጥ ይነከር። ከባዱ የጎን ስፌት ነው፦ የማሽኑ ጥርስ የታችኛውን ጨርቅ ፈጥኖ ስለሚስብ፣ በየመስመሩ ስፒል ካልተሰካ ሰማያዊው ከነጩ ጋር ይጋጠማል። ያን ጊዜ መፍታት ነው!

መጀመሪያ ለብቻው በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠብ፤ ሰማያዊው ከለቀቀ ነጩን ያደበዝዘዋል። ተገልብጦ ጥላ ውስጥ ይሰጣ፤ የድሬ ፀሐይ ቀለም አይምርም። መልሕቅ ያለበት ቁልፍ፣ ቆብና የገመድ ቀበቶ ባንዴ ሲደረጉ ግን ቲያትር ይሆናል።

ልብስ ሰፊዎች፣ ከዚራ፣ ድሬዳዋ