በርሜሉን ድፉ ከምትሉን መፈግፈጊያውን አሳዩን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የባቲ ነዋሪ ነኝ፣ ይህን የምጽፈው በሰባተኛ ክፍሏ ልጄ ምክንያት ነው።

ግንቦት ላይ የሳይንስ ክበባቸው የቢንቢ እንቁላል ከየቤታችሁ ሰብስቡ አላቸው። የዶሮው አልቀመስ ባለበት ጊዜ የቢንቢ እንቁላል ብዬ ሳቅኩባት። እሷ ግን ለወጥመድ የድልህ ጣሳ በድስት ጥቀርሻ አጥቁራ እስከ ግማሽ ውሃ ሞልታ ውስጡን ዙሪያውን በነጭ ጨርቅ ለብጣ ከበርሜሉ ጀርባ ጥላ ውስጥ አስቀመጠችው። በአምስተኛው ቀን "አባ እይማ" ብላ ጨርቁን ዘረጋችልኝ፣ ውሃው ከደረሰበት መስመር ትንሽ ከፍ ብሎ ጥቁር ነገር ተነስንሶበታል፣ እኔ ያው ጥቀርሻው መስሎኝ ነበር። በስልክ ዙም አርገን ስናየው ከጤፍ ፍሬ የምታንስ ሁለት ጫፏ ሾጠጥ ያለች ነገር ናት። እስከ አርባ ቆጥሬ አይኔ ደከመ፣ እሷ ቀጠለች።

መምህራቸው ከፊሉን አፉ በመረብ በታሰረ ጠርሙስ ውስጥ አስፈልፍለው ሲያሳዩዋቸው እግሩ ላይ ነጭ ቀለበት ያለው ጥቁር ቢንቢ ወጣ፣ ኤደስ የሚሉት፣ በቀን የሚነክሰው። ድሬዳዋን በፈረንጆቹ 2013 በደንጊ በ2019 ደግሞ በቺኩንጉንያ ትኩሳት ያስተኛት የሱ ዘር ነው። እኛ ደሞ ከአፋር ጋር አጥር ለአጥር ነን፣ ሰኞ ገበያ ሰውም ግመሉም ከዛው ነው የሚመጣው፣ እና እንዴት አያሳስበን?

ሌላም አለ። በፈረንጆቹ 2016 ሶማሌ ክልል ቀብሪደሃር ላይ የተገኘው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የሚባለው ከተሜ የወባ ቢንቢ በኋላ ባቲም ተገኝቷል። እንደ ድሮው ረግረግና ኩሬ አይፈልግም፣ በርሜልና ሮቶ ይበቃዋል። እንቁላሉን ውሃው ላይ ስለሚጥል ግን በጨርቅ አይያዝም፣ እጩን፣ ማለትም ከእንቁላሉ የወጣውን የውሃ ትል ነው ማየት፦ የወባው ከውሃው ፊት እኩል ጋደም ይላል፣ የሌላው ቁልቁል ይንጠለጠላል። ልጆቹ ይሄንንም በባትሪ እያዩ ቢመዘግቡ ብዙ ነገር በታወቀ ነበር፣ ሳይነገራቸው ቀረ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ስብሰባ ተጠርተን የተነገረን አንድ ነገር ነው፣ "ያቆራችሁትን ውሃ ድፉ"። የቱን ውሃ? ወላሂ ቧንቧው በሳምንት አንዴ ከመጣ ደስታ ነው፣ ለሊት ተነስተን በርሜል የምንሞላ ሰዎች ድፉ ስንባል እንዴት እንደምንስቅ ብታዩ። መድፋት ብቻውንም አይበቃም፣ የኤደስ እንቁላል በርሜሉ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ደርቆ ወራት ይቆይና ውሃ ሲሞላ ይፈለፈላል። የሚያዋጣው ውሃው ሲያልቅ ሳይሞላ በፊት ግድግዳውን በጆንያ ቁራጭና በኦሞ ፈግፍጎ ማጠብ፣ አፉን በአሮጌ ነጠላ ጥብቅ አርጎ ማሰር ነው። ከእንቁላል ተነስቶ እስኪበር ሳምንት አስር ቀን ስለሚበቃው የሳምንት ስራ ማድረግ ነው። ይሄን ያወቅኩት ከስብሰባው አይደለም፣ ከልጄ ደብተር ነው።

ልጆቹ የቆጠሩበት ወረቀት ደሞ ቁምሳጥን ገብቶ ቀረ። የቱ ሰፈር እንደበዛ ለኛም ለጤና ኤክስቴንሽኖቹም የነገረ የለም፣ አንድ ካርታ ሰርቶ በር ላይ መለጠፍ ምን ይከብዳል? ትምህርት ሲዘጋም ጣሳዎቹን የሰበሰበ አልነበረም። ወጥመድ ጠባቂ ካጣ ማርቢያ ነው የሚሆነው! ትናንት የጎረቤታችንን ጣሳ ሄጄ ሳየው እጩ ይርመሰመሳል፣ እዛው ፀሀይ ላይ ደፋሁት። ጨርቁን ግን ልጄ አይጣልም ብላ በፌስታል ቋጥራ ደብተሯ ውስጥ ከታዋለች፣ መስከረም ላይ መምህሩ ይቆጥሩታል አለች። ደርቆም ይቆያል ብያችሁ የለ፣ እኔ ደሞ ዝናብ እንዳይነካው ደብተሩን እየጠበቅኩ ነው።

ከባቲ