መልእክታቱ ለምን ይሮጣሉ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ደብረ ማርቆስ የምኖር ጡረተኛ መምህር ነኝ። ባለፈው እሑድ ቅዳሴ ላይ የጳውሎስ መልእክት ሲነበብ ሰዓቴን አየሁ። ሁለት ደቂቃ አልሞላም! ድምፅ ማጉያው ደግሞ ያፏጫል። አጠገቤ የነበሩ እናት «ምን አለ፣ ጋሼ?» አሉኝ። እኔስ መቼ ሰማሁ?

ምስባኩ፣ ከወንጌል በፊት የሚባለው የመዝሙረ ዳዊት ጥቅስ፣ ግን በዜማ፣ እየተደጋገመ ይባላል። ግዕዝ የማያውቀው እንኳ ከዳዊት አንዲት ሐረግ ይዞ ይወጣል። ወንጌል ሲነበብማ የተቀመጠውም ይነሣል። መልእክታቱስ ምን በደሉ?

በ1840 እ.ኤ.አ. ሙሉው የታተመውን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የተረጎመው አቡ ሩሚ የጎጃም ሰው ነበር። በእሱ አገር አማርኛው አልሰማ ሲል ያሳፍራል። ዲያቆኑን አልቆጣም፣ ገና ልጅ ነው። ግን ቅዳሜ ማታ አንዴ ቢያነበው ምናለ? ማጉያውንም የሚያይ ሰው ይፈለግ።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ማርቆስ